ካርዱ ሲጮህ፦ ኩለር ከመግዛት በፊት

ጥያቄው፦ «አሰላሙ አለይኩም። ደሴ ላይ በአንዲት ክፍል ውስጥ መንዙማ የምንቀዳባትና የሰርግ ቪዲዮ የምናቀናብርባት ትንሽ ስቱዲዮ አለችን። ኮምፒውተሩ ላይ ያለው ባለ ሁለት ፋን አርኤክስ 580፣ 8 ጊጋባይት ግራፊክስ ካርድ ነው፤ የተገዛው ያገለገለ ሆኖ ነው። ሬንደር ስናደርግ (የተቀናበረውን ቪዲዮ ስናወጣ) እንደ ፀጉር ማድረቂያ ይጮኻል፤ ስንቀዳም ድምፁ ማይኩ ውስጥ ይገባል። ፀጥ ያለ ኩለር ከአዲስ አበባ ልናስመጣ ነው። የትኛውን እንግዛ?»

ምላሽ፦ ወአለይኩም ሰላም። አጭሩ መልስ «ለጊዜው ኩለር አይግዙ» የሚል ነው። ባለ ሁለት ፋን አርኤክስ 580 ካርዶች የያዙት ሂትሲንክ (ሙቀቱን ከቺፑ የሚስበው ባለ ቅጠል ብረት) አብዛኛውን ጊዜ በቂ ነው። የሚጮኹት ላዩ ላይ የተለጠፉት ትንንሽና ስስ ፋኖች ናቸው። ቮልቴጁን ዝቅ አድርገው፣ በቺፑና በሂትሲንኩ መሐል የሚቀባውን ፔስት ቀይረው፣ ፋኖቹን አውልቀው በምትካቸው ሁለት ባለ 120 ሚሊ ሜትር የኬዝ ፋን ቢያስሩ ለሙሉ ኩለር ከሚወጣው ገንዘብ በጥቂቱ፣ ተቀራራቢ ፀጥታ ያገኛሉ። ሙሉ ኩለር ግድ የሚሆንባቸው ካርዶችም አሉ፤ እነሱን ወደ መጨረሻው አነሣቸዋለሁ።

ጥያቄዎ ውስጥ ግን ሁለት የተለያዩ ጩኸቶች ናቸው የተቀላቀሉት። የሬንደሩ ጩኸት ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ካርዱ ይሠራል፣ ይግላል፣ ፋኑ ይነፋል። ድምፅ ሲቀዱ ግን ካርዱ ሥራ የለውም ማለት ይቻላል፤ ድምፁን የሚያስተናግደው ፕሮሰሰሩ ነው። ብዙዎቹ አርኤክስ 580 ካርዶች ሥራ ሲፈቱ ፋናቸውን ጨርሰው ያቆማሉ፤ የሚነሡት ሙቀቱ 50ዎቹን ሲያጋምስ ወይም 60 ሲደርስ ነው። እርስዎ እየቀዱ ካርዱ የሚነፋ ከሆነ በሥራ ፈት ሰዓቱ እንዳያርፍ የሚያደርገው ነገር አለ ማለት ነው። ይህን ደግሞ የትኛውም ኩለር አያድነውም።

የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ሁለተኛው ስክሪን ነው። ይህ ካርድ ሁለት ስክሪን ሲሰካበት የሜሞሪውን ፍጥነት ሳያወርድ 2,000 ሜጋኸርዝ ላይ ይዞት ይቀመጣል፤ ሥራ ፈቶም ይግላል። ጂፒዩ-ዚ የሚባለውን ፕሮግራም ከፍተው የሜሞሪውን ቁጥር ይዩ። ምንም ሳይከፈት ወደ 300 ሜጋኸርዝ ካልወረደ ምክንያቱን አገኙት ማለት ነው። ሁለቱን ስክሪኖች በአንድ ዓይነት ጥራትና በ60 ኸርዝ ማስተካከል አንዳንዴ ይበቃዋል። ካልበቃው በቅጂ ሰዓት አንዱን ስክሪን ከዊንዶውስ ሴቲንግ ማጥፋት ነው። ሁለተኛው ተጠርጣሪ ከጀርባ የተረሳ ሬንደር ወይም ቪዲዮ የከፈተ ብራውዘር ነው። ሦስተኛው የድሮው ባለቤት ነው። ገበያ ላይ ከሚገኙት ያገለገሉ አርኤክስ 580 ካርዶች ብዙዎቹ ኢቴሪየምና መሰሎቹን ዲጂታል ገንዘቦች ሲቆፍሩ የኖሩ ናቸው፤ ለዚያ ሥራ ባዮሳቸው (ካርዱን የሚያስነሣው ውስጣዊ ፕሮግራም) የተቀየረና ፋኑ እንዳይቆም የተደረገ ያጋጥማል። በአንዳንዶቹ ካርዶች ጠርዝ ላይ ሁለት ባዮስ የሚያቀያይር ትንሽ ማብሪያ አለ። ኮምፒውተሩን አጥፍተው ወደ ሌላው ጎን ገፋ አድርገው ይሞክሩ።

ጩኸቱ የካርዱ መሆኑንም ያረጋግጡ። ካርዱ ሥራ ፈት እያለ ኤምኤስአይ አፍተርበርነር በሚባለው ፕሮግራም ፋኑን በእጅ ወደ ዝቅተኛው አውርደው ለአንድ ደቂቃ ያዳምጡ። ድምፁ ካልጠፋ ምንጩ ሌላ ነው። የቆየ ባለ 7,200 ዙር ሃርድ ዲስክ ልክ 120 ኸርዝ ላይ ያጉረመርማል፤ በድቤ ድምፅ አካባቢ ስለሚወድቅ በኋላ በድምፅ ማስተካከያው (ኢኪው) ላውጣው ቢሉ ከድቤው ሥጋ ይቆርጣሉ። ከፋን ጋር ምንም የማይገናኝ፣ ካርዱ ሲሠራ የሚሰማ ቀጭን ፉጨት ከሆነ ደግሞ ከካርዱ የሽቦ ጥቅልሎች (ኮይሎች) የሚወጣ ነው። ኩለር ቢቀይሩም ፉጨቱ እዚያው ነው፤ የሚለዝበው ካርዱ የሚበላው ኃይል ሲቀንስ ነው።

ስለ ማይኩም አንድ ነገር። ካርዲዮይድ ማይክ በጀርባው በኩል ያለውን ብዙ አይሰማም፤ ጀርባውን ወደ ኮምፒውተሩ ያዙሩት። ርቀቱን እጥፍ ማድረግ ባዶ ሜዳ ላይ 6 ዴሲቤል ይቀንሳል፤ በግድግዳ በታጠረ ክፍል ግን ከዚያ ያነሰ ነው። ግድግዳው ላይ ስጋጃ ወይም ወፍራም ብርድ ልብስ መስቀል ይረዳል። ኮምፒውተሩን በጋቢ መሸፈን ግን አይረዳም፤ ታፍኖ ይግልና ይብስ ይጮኻል። መንዙማ አውራጁ ብቻውን ዝቅ አድርጎ የሚያዜምበት ጊዜ ስላለው እንደ ዘፈን ሁሉንም በሙዚቃ መሸፈን አይቻልም፤ ስለዚህ መጨነቅዎ ተገቢ ነው።

አሁን ወደ ሬንደሩ። ኢንተርኔት ላይ «ይህ ኩለር ይህን ካርድ 72 ዲግሪ ላይ ያቆየዋል» ተብሎ የሚጻፈው አብዛኛው ለባሕር ጠለል በቀረቡ ከተሞች የተለካ ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ከፍታ ላይ የአየሩ ክብደት ባሕር ዳርቻ ካለው 78 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ፋኑ በዚያው ፍጥነት ዞሮ ያንኑ መጠን አየር ይገፋል፤ በዚያ አየር ውስጥ ሙቀት ተሸክሞ የሚወጣው ግን በአንድ አምስተኛ ያነሰ ነው። ጦሳ ተራራ ሥር የሚኖር ሰው ብርድን እንጂ ሙቀትን አያማርርም፤ ስለዚህ «ደሴ ላይ ኮምፒውተር አይግልም» የሚል ግምት ሰፍኗል። እስቲ በቁጥር እንየው። 22 ዲግሪ ክፍል ውስጥ 72 ላይ የቆየ ካርድ ከክፍሉ በ50 ዲግሪ በልጧል። ደሴ ላይ በዚያው የፋን ፍጥነት ብልጫው ወደ 60 ወይም ትንሽ አለፍ ይላል። ክፍልዎ 18 ዲግሪ ቢሆን እንኳ ካርዱ 78፣ 80 ላይ ይቀመጣል። የሐረጎን ቁልቁለት ወርደው ኮምቦልቻ ሲደርሱ አየሩ ትንሽ ይወፍራል፤ 83 በመቶ ገደማ ይሆናል። ግን ክፍሉ 27 ዲግሪ ሊሆን ስለሚችል ካርዱ 85 አካባቢ ይደርሳል። ደሴ ያለው በአየሩ መሳሳት፣ ኮምቦልቻ ያለው በሙቀቱ፣ ሁለቱም የፋብሪካውን ቁጥር አያገኙትም።

ይህ በጩኸት ምን ያህል ያስከፍላል? የጎደለውን አየር ለማካካስ ፋኑ 25 በመቶ መፍጠን አለበት። የፋን ድምፅ ከፍጥነቱ ጋር በጣም ነው የሚንረው፤ ፍጥነቱ በግማሽ ሲቀንስ 15 ዴሲቤል ገደማ ይወርዳል፣ በ25 በመቶ ሲጨምር 5 ዴሲቤል ያህል ይወጣል። የሳሳው አየር ድምፁንም በ2 ዴሲቤል ገደማ ያለዝበዋል፤ የቀረው ትርፍ ጩኸት የከፍታው ግብር ነው።

ይህን ግብር ያለ ምንም ወጪ የሚመልሰው ቮልቴጅ መቀነስ ነው። አርኤክስ 580 ሲመረት 185 ዋት እንዲበላ ተደርጎ ነው የተለቀቀው፤ ደካማው ቺፕ እንኳ እንዳይወድቅ ተብሎ ለሁሉም ቮልቴጁ ከፍ ተደርጎ ተሰጥቷል። በከፍተኛው ደረጃ 1,150 ሚሊቮልት አካባቢ ያገኛሉ። የቺፑ ኃይል ከቮልቴጁ ካሬ ጋር ስለሚሄድ ወደ 1,050 ሚሊቮልትና 1,300 ሜጋኸርዝ ብናወርደው የቺፑ ፍጆታ በአንድ አምስተኛ ገደማ ይቀንሳል። ከፍታው የወሰደው አንድ አምስተኛ ተመለሰ። በሬንደር ፍጥነት የሚያጡት ከፍጥነቱ መቀነስ ጋር የሚመጣጠን ጥቂት ነገር ነው፤ ሰርጉ በዚህ ምክንያት አይዘገይም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በካርዱ ሾፌር፣ በአድረናሊን ውስጥ፣ ወደ ቱኒንግ ገብተው በእጅ ማስተካከያውን ይክፈቱ። ከፍተኛውን ፍጥነት 1,300 ያድርጉ። ቮልቴጁን በ25 ሚሊቮልት እየቀነሱ በእያንዳንዱ እርከን ለ20 ደቂቃ የራስዎን ፕሮጀክት ሬንደር ያድርጉ። ስክሪኑ ካጨለመ፣ ነጠብጣብ ካሳየ ወይም ፕሮግራሙ ከተዘጋ 25 መልሰው ጨምረው እዚያ ያቁሙ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ የሚሳሳትባት አንዲት ነገር አለች። በዚህ ካርድ «የሜሞሪ ቮልቴጅ» ተብላ የተጻፈችው ሳጥን የሜሞሪው ቮልቴጅ አይደለችም፤ የዋናው ቺፕ ቮልቴጅ ከዚህ በታች አይውረድ የምትል ወለል ናት። እሷ 1,100 ላይ እያለች ላይኛውን 1,050 ቢያደርጉት ምንም አይለወጥም፤ ሰውም «ሞክሬው አልሠራም» ብሎ ይተወዋል። ሁለቱንም አብረው ያውርዱ። ሌላው፣ ጂፒዩ-ዚ ላይ የሚያዩት ዋት በዚህ ካርድ የቺፑ ብቻ እንጂ የሜሞሪውና የቀረው ሁሉ ያልተጨመረበት ነው፤ «120 ዋት ብቻ ነው የሚበላው» ብለው አይታለሉ።

ከዚህ ቀጥሎ ኬዙን መፈተን ነው። የጎኑን ክዳን ነቅለው 20 ደቂቃ ሬንደር ያድርጉ። ሙቀቱ ከ8 እስከ 10 ዲግሪ ከወረደ ጥፋተኛው ካርዱ ሳይሆን ኬዙ ነው። ከፊት አንድ ወይም ሁለት ባለ 120 ሚሊ ሜትር አስገቢ ፋን፣ ከኋላ አንድ አስወጪ ፋን ያስፈልጋል። ከካርዱ ሥር ያሉትን የኋላ የቆርቆሮ መዝጊያዎች መፍታትም ሙቀቱ የሚያመልጥበት ቀዳዳ ይሰጠዋል።

አቧራውን በተመለከተ ወሎ ውስጥ አንድ ልዩ ነገር አለ። ክፍሉ ቡና የሚፈላበት፣ እጣንና ሰንደል የሚጨስበት ከሆነ ጭሱ ሙጫነት ስላለው በሂትሲንኩ ቅጠሎች መሐል ቀጭን ቅባት ሆኖ ይቀመጥና አቧራውን ይለስነዋል። ይህ በብሩሽ አይወጣም፤ ጎሚስታ ቤት ወስዶ በኮምፕረሰር ማስነፋትም አይመከርም። ኮምፕረሰሩ ውኃ ይተፋል፣ ግፊቱ ፋኑን ከልኩ በላይ አሽከርክሮ ኩሽኔታውን ይበላዋል። ሂትሲንኩ ከካርዱ ሲወልቅ ብቻውን፣ ፋንም ሽቦም ሳይኖርበት፣ በሞቀ ውኃና በዕቃ ሳሙና ይታጠባል፤ ከዚያ ሙሉ ቀን ይደርቃል። አቦል፣ ቶና፣ በረካውን ከኮምፒውተሩ ራቅ አድርጎ ማፍላት ከሁሉም ይቀላል።

ካርዱን መፍታት። ኮምፒውተሩን ከሶኬት ነቅለው፣ ማብሪያውን ተጭነው የቀረውን ኃይል አስወጥተው፣ የኬዙን ብረት በእጅዎ ይንኩ። ካርዱን ሲያወጡ ከማዘርቦርዱ ሶኬት ጫፍ ያለችውን መቆለፊያ መጫን አይርሱ፤ ብዙ ሶኬት የተሰበረው በእሷ ምክንያት ነው። ጀርባው ላይ ቺፑን የከበቡ አራት ስፕሪንግ ያላቸው ብሎኖች አሉ። በትንሽ ባለ መስቀል ካቻቪቴ በሰያፍ፣ ግማሽ ግማሽ ዙር እያደረጉ ይፍቱ። አልላቀቅ ካለ አይጎትቱት። ካርዱን 10 ደቂቃ አሠርተው፣ አጥፍተው ሞቅ እንዳለ ጠመዘዝ ጠመዘዝ ሲያደርጉት ይለቃል። ሲለቅ ፋኖቹ በሽቦ ከካርዱ ጋር እንደተያያዙ ያስታውሱ።

የደረቀውን ፔስት ከፋርማሲ በሚገዛ አልኮል ይጥረጉ። 70 በመቶው ይሠራል፤ ውኃ ስላለበት ብቻ በደንብ ይድረቅ። «አረቄ ይሆናል ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም። አይሆንም፤ ከአልኮሉ ውኃው ይበልጣል፣ የሚተወው ዝቃጭም አለ። ቺፑ ክዳን የሌለው ራቁት ሲሊከን ስለሆነ ጠርዙን በብረት እንዳይነኩት። አዲሱ ፔስት የአተር ፍሬ ያህል ይበቃል፤ ራቁት ቺፕ ላይ ግን አንድም ጥግ ባዶ መቅረት የለበትም፣ ስለዚህ በፕላስቲክ ካርድ ጠርዝ ስስ አድርገው መላውን ያልብሱት። አርክቲክ ኤምኤክስ-4 ወይም ኖክቱዋ ኤንቲ-ኤች1 በቂ ናቸው። ፈሳሽ ብረት የሚባለውን አይግዙ፤ ውስጡ ያለው ጋሊየም አሉሚኒየምን ይበላል።

ሜሞሪዎቹና የኃይል ክፍሎቹ ላይ ያሉት ለስላሳ ተርማል ፓዶች ካልተቀደዱ ይተዋቸው። ከተቀደዱ ውፍረታቸውን በካሊፐር ለክተው ያንኑ ይተኩ። ካርድን «ካጸዳሁት በኋላ ባሰበት» የሚያሰኘው ትልቁ ምክንያት እዚህ ነው። ባለ 1 ሚሊ ሜትር በነበረበት ባለ 1.5 ከገባ ሂትሲንኩ ከቺፑ ላይ በፀጉር ያህል ይነሣል፤ ካርዱ በደቂቃ ውስጥ 90 ይደርሳል። ከገጠሙ በኋላ አንዴ መልሰው ፈትተው የፔስቱን አሻራ ቢያዩት ጊዜ ማባከን አይደለም። አሻራው ቺፑን ሙሉ የሸፈነና ስስ መሆን አለበት።

ፋን መቀየር ለምን ይህን ያህል ይጠቅማል? ፋን የሚገፋው አየር ከስፋቱ ኩብ ጋር ያድጋል። ባለ 90 ሚሊ ሜትሩ በደቂቃ 2,400 ዙር ዞሮ የሚገፋውን ባለ 120ው በ1,000 ዙር አካባቢ ይገፋዋል። ትልቅ መሆኑ የሚጨምረውን ድምፅ ከፍጥነቱ መቀነስ ላይ ቀንሰን ስናሰላው 10 ዴሲቤል ገደማ ትርፍ አለ፤ ይህ ለጆሮ ግማሽ ያህል ማለት ነው። በዚያ ላይ የካርድ ፋኖች ስስ ናቸው፣ ቅባታቸውም ይደርቃል። ሲነሣ የሚንገጫገጭ ፋን ኩሽኔታው ደርቋል። ተለጣፊውን ገልጠው አንዲት ጠብታ የስፌት ማሽን ዘይት ቢያደርጉለት ለጥቂት ወራት ይታገሣል። የምግብ ዘይት ግን ሙጫ ይሆናል።

የፋን ምርጫ ላይ ገበያው ያሳስታል። መብራታቸው የሚያብረቀርቅ፣ በትልቁ ባለ አራት ቀዳዳ ሶኬት በቀጥታ ከፓወር ሰፕላይ የሚሰኩ ፋኖች በብዛት አሉ። እነሱ ፍጥነታቸው አይታዘዝም፤ ሁልጊዜ በሙሉ ኃይል ነው የሚዞሩት። የሚፈልጉት አራት ሽቦ ያለው፣ ፒደብሊውኤም የተባለ ነው። ባለ ሦስት ሽቦውንም ካርዱ አያዘውም። ሂትሲንክ ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ግፊት ያለው ፋን ይምረጡ። አርክቲክ ፒ12 ፒደብሊውኤም በርካሽ ዋጋ በደንብ ይሠራል፤ ከ200 እስከ 1,800 ዙር ይታዘዛል። ኖክቱዋ ኤንኤፍ-ፒ12 ሪደክስ 1700 ትንሽ ይወደዳል፣ ድምፁ ግን ለስለስ ያለ ነው። ለስቱዲዮ የኋለኛውን እመርጣለሁ።

ከመግዛትዎ በፊት ሦስት ነገር ይለኩ። የሂትሲንኩ ርዝመት 240 ሚሊ ሜትር ገደማ ካልሆነ ሁለት ባለ 120 አይቀመጥበትም፤ ሁለት ባለ 92 ይግዙ። ውፍረቱን በተመለከተ አሮጌዎቹ ፋኖችና ሽፋናቸው ሲወልቁ 15 ሚሊ ሜትር አካባቢ ያተርፋሉ፣ አዲሶቹ 25 ይወስዳሉ። ስለዚህ ካርዱ በ10 ሚሊ ሜትር ይወፍርና የሦስት ሶኬት ቦታ ይይዛል። ሥሩ የድምፅ ካርድ ተሰክቶ ከሆነ ወደ ታችኛው ሶኬት ያውርዱት፤ ቦታ ከሌለ 15 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላቸው ስስ ባለ 120 ፋኖች አሉ፣ ትንሽ ይደክማሉ እንጂ ይሠራሉ። ሦስተኛው ስፋት ነው። የካርዱ ቦርድ 110 ሚሊ ሜትር አካባቢ ስለሆነ ፋኑ 10 ሚሊ ሜትር ያህል ያልፈዋል፤ ያን ትርፍ ወደ ኬዙ ክዳን በኩል ያድርጉት እንጂ ወደ ማዘርቦርዱ አይሁን፣ ከዚያ ያሉትን ዕቃዎች ይገጫል።

የፕላስቲኩ ሽፋን በትንንሽ ብሎኖች ነው የታሰረው። ሲያወልቁት ከኃይል ክፍሎቹ ላይ የተቀመጠች ሌላ ትንሽ ሂትሲንክ አብራ የምትወልቅ ከሆነ እሷን መልሰው ይግጠሙ፤ ካለሷ ካርዱ ይቃጠላል። አዲሶቹን ፋኖች የሚነፉበት ፊት ወደ ሂትሲንኩ እንዲሆን አድርገው (ጎናቸው ላይ ቀስት ይኖራል፤ ከሌለ ሞተሩን የሚይዙት ዘንጎች ያሉበት ፊት ነው አየር የሚወጣው) በአራት በአራት የፕላስቲክ ማሰሪያ ከሂትሲንኩ ጫፍ ጋር ይሰሯቸው። የማሰሪያው ትራፊ በፒንሳ ይቆረጥ። ሳይቆረጥ ቀርቶ ፋኑን የሚመታ ማሰሪያ የሚያሰማው ትክትክታ ብዙ ሰው ፋን እንዲቀይር አድርጓል። ፋኑ ከሂትሲንኩ ውጭ የሚያልፍበትን ክፍት ቦታና በሁለቱ ፋኖች መሐል ያለውን ክፍተት በናስትሮ ይድፈኑት፤ አየር ሰነፍ ነው፣ ቀላል መንገድ ካገኘ በቅጠሎቹ መሐል አያልፍም።

ሽቦው። የካርዱ የፋን ሶኬት ከኬዝ ፋን ሶኬት ያነሰ ስለሆነ አስተላላፊ ኬብል ያስፈልጋል፤ በአንድ በኩል ትንሿ ባለ አራት፣ በሌላው የተለመደው ባለ አራት። ሁለቱን ፋን ለማገናኘት ባለ ሁለት ቅርንጫፍ ኬብል ይጨምሩ። ከቅርንጫፎቹ በአንዱ ላይ የፍጥነት ማንበቢያዋ ሽቦ መቅረት አለባት፤ ሁለቱም ካነበቡ ቁጥሩ ይዘባረቃል። በአሮጌው ፋን ተለጣፊ ላይ ያለውን አምፔር ያንብቡ። አዲሶቹ ሁለቱ ተደምረው ከዚያ ካልበለጡ ካርዱን አይጎዱትም። ካርድዎ ባለ ስድስት ቀዳዳ የራሱ ሶኬት ካለው ከሽቦው ጋር አይታገሉ፤ ፋኖቹን ማዘርቦርዱ ላይ ሰክተው ፋን ኮንትሮል በሚባለው ነፃ ፕሮግራም የካርዱን ሙቀት እንዲከተሉ ያድርጉ። በዚህ መንገድ ከሄዱ በማዘርቦርዱ ባዮስ ውስጥ ያን ሶኬት ከ40 በመቶ በታች እንዳይወርድ ያስሩት። ፕሮግራሙ አንድ ቀን ሳይነሣ ቢቀር ካርዱ ያለ ፋን እንዳይቀር ነው።

የፋኑ መታዘዣ ከዚህ ይጀምር፦ እስከ 50 ዲግሪ 30 በመቶ፣ 65 ላይ 45፣ 75 ላይ 60፣ 85 ላይ 100። ፋኑ ከፍ ዝቅ እያለ እንዳይተነፍስ ለመውረድ 5 ዲግሪ እንዲጠብቅ ይዘዙት፤ ወጥ የሆነ ድምፅ ጆሮ ይለምደዋል፣ የሚዋዥቀውን አይለምደውም። አንዳንድ ፋን በአንድ የተወሰነ ፍጥነት ላይ ሲደርስ ያጉረመርማል። ከዝቅተኛው ጀምረው ቀስ እያሉ ሲጨምሩ የሚያጉረመርምበትን ቁጥር ያገኙታል፤ መታዘዣውን እዚያ ላይ እንዳያርፍ ያድርጉት። ከዚያ 30 ደቂቃ እውነተኛ ሬንደር ያድርጉ። ቺፑ ከ75 በታች፣ ኤችደብሊውኢንፎ የሚባለው ፕሮግራም የሚያሳየው ከሆነ የኃይል ክፍሉ ከ95 በታች ከቆየ አብሽሩ፣ ሥራው ሠምሯል። ቺፑ ቀዝቅዞ የኃይል ክፍሉ ብቻ ከጋለ ከሁለቱ ፋን አንዱ በላዩ እንዲነፋ ትንሽ ይሳቡት።

ሙሉ ኩለር መቼ ያዋጣል? ካርድዎ በርሜል በመሰለ አንድ ፋን ከጫፉ የሚነፋ ከሆነ፣ ወይም ሂትሲንኩ የመዳብ ቱቦ የሌለው ተራ የአሉሚኒየም ብሎክ ከሆነ፣ ወይም ቱቦው ተጣሞ ከሆነ። ያኔ ራይጂንቴክ ሞርፊየስ የሚባለው ጠንካራ ነው። 12 ሂትፓይፕ (የመዳብ ቱቦ) አለው፣ እስከ 360 ዋት ተብሎለታል፣ ፋኖቹ ግን ለብቻ ይገዛሉ። የአርክቲክ አክሰለሮ ዓይነቶችም ጥሩ ነበሩ፤ ዛሬ የሚገኙት አብዛኛው ያገለገሉ ናቸው። በቺፑ ዙሪያ ያሉት የአራቱ ቀዳዳዎች ርቀት መግጠም አለበት። በአርኤክስ 580 ላይ ከመሐል እስከ መሐል 53 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ በጂቲኤክስ 1070 ላይ 58.4 ነው። ሳይለኩ አይዘዙ። ሌላው ጣጣ ሜሞሪዎቹ ላይ አንድ በአንድ የሚለጠፉት ትንንሽ ሂትሲንኮች ናቸው። ካርዱ ኬዝ ውስጥ ፊቱን ወደ ታች አድርጎ ስለሚንጠለጠል ማጣበቂያው ሲሞቅ ይወድቃሉ፤ ብረት የሆነ ነገር ደግሞ በሚሠራ ቦርድ ላይ መውደቁ ምን እንደሚያመጣ ግልጽ ነው። በአልኮል በደንብ ጠርጎ፣ ለአንድ ደቂቃ ተጭኖ ይዞ፣ ካርዱን አንድ ሌሊት በጀርባው ማሳደር ይረዳል። የውኃ ማቀዝቀዣውን ለስቱዲዮ አልመክረውም፤ ፓምፑ ካርዱ ሥራ ፈትም ቢሆን አያርፍም።

በተረፈ ኮምፒውተሩን ወደ አዲስ አበባም ሆነ ወደ ሌላ ቦታ በመኪና የሚያጓጉዙ ከሆነ ካርዱን አውጥተው ለብቻ ጠቅልለው ይያዙት፤ ፋን የተጨመረበት ካርድ በመንገዱ ንዝረት ሶኬቱን ሊሰነጥቀው ይችላል። ተሰክቶም እያለ ጫፉ ካዘመመ ከሥሩ ድጋፍ ያድርጉለት።

አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ካለዎት ከኩለሩ ይልቅ ይህን ይላኩበት፦ ሁለት ባለ 120 ሚሊ ሜትር ባለ አራት ሽቦ ፋን፣ አንድ የካርድ ፋን አስተላላፊ ኬብል፣ አንድ ባለ ሁለት ቅርንጫፍ ኬብል፣ ባለ 4 ግራም ፔስት አንድ፣ ተርማል ፓድ ባለ 1 እና ባለ 1.5 ሚሊ ሜትር አንድ አንድ ቁራጭ፣ የፕላስቲክ ማሰሪያ አንድ እሽግ። አልኮሉ፣ ናስትሮውና የስፌት ማሽን ዘይቱ ደሴ አለ።